ለቤት ጌም የሚሆን ሞኒተር ፍለጋ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት 2፣ 2017፣ ቅዳሜ

አሮጌው ሞኒተር ለሁለተኛ ጊዜ ጠፋ። ባለ 19 ኢንች ካሬው ነው፣ ቪጂኤ የሚባለው የድሮ የምስል መሰኪያ ብቻ ያለው። መጀመሪያ የጠፋው መስከረም መጨረሻ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ነበር። ሰፈር ያለ ጥገና ቤት ከፍተው ፓወር ቦርዱ ላይ ያበጡ ሁለት ካፓሲተሮች አሳዩኝ። 900 ብር ከፈልኩ፣ ተቀየሩ፣ ነፍስ ዘራ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ምስሉ ለሁለት ሰከንድ ብቅ ይልና ይጨልማል። በእጅ ባትሪ ከጎን ሳበራበት ምስሉ ደብዝዞ ይታያል። የሞተው ከኋላ የሚያበራው መብራት ነው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሳንቲም አላወጣበትም።

ያለን ዕቃ ይህ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ ኮር አይ5 8ኛ ትውልድ፣ 16 ጂቢ ራም፣ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ። ካርዱ ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይፖርትና ዲቪአይ የሚባሉ የምስል መሰኪያዎች አሉት። ሌላው የታናሽ ወንድሜ የጌም ማሽን፣ ፒኤስ 4 ስሊም ነው። እሱ ሳሎን ቲቪ ላይ ኳስ ይጫወታል፣ እማዬ ደግሞ ዜናዋንና ድራማዋን ትፈልጋለች። በየቀኑ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጭቅጭቅ አለ።

የምንፈልገው ለሁለቱም የሚሆን አንድ ስክሪን ነው። የምንጫወተው ማታ ማታና ቅዳሜ እሁድ ነው፤ ኤፍሲ 24፣ ጂቲኤ 5 እና ካውንተር ስትራይክ 2። ውድድር ውስጥ የለንበትም። በእጄ ያለው 15,000 ብር ነው።

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ከመግዛቴ በፊት ሳሎን ያለውን ባለ 32 ኢንች ቲቪ ሞከርኩ። እማዬ ጎረቤት ለቡና ሄዳ ነበር፣ ሁለት ሰዓት አገኘሁ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ የዴስክቶፑ ጠርዝ መቆረጡ ነው። ታች ያለው የዊንዶውስ መስመር ግማሹ አይታይም። የቲቪው የምስል መጠን ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ «ጀስት ስካን» የሚለውን ስመርጥ ተስተካከለ። ሁለተኛው ማውሱ መዘግየቱ ነው። እጄ ከቆመ በኋላ ቀስቱ ትንሽ ይሄዳል። «ጌም ሞድ» ላይ ሳደርገው በጣም ተሻለ። ቲቪ ምስሉን ለማሳመር ብሎ የሚሠራው ሥራ ጊዜ ይወስዳል፣ ጌም ሞድ ያንን ሥራ ያስቀረዋል።

ሦስተኛው ግን መፍትሔ የለውም። የቲቪው ምስል 1366 በ768 ነጥብ ነው። ካርቶኑ ላይ «ኤችዲ» የሚለው ይህንን ነው፣ «ፉል ኤችዲ» አይደለም። ሦስት ሜትር ርቆ ለሚያይ ምንም አይልም። 60 ሳንቲሜትር ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው ግን ፊደሉ ሁሉ የተሸራረፈ ነው። ቲቪ ገዝቶ ሞኒተር ለማድረግ ለሚያስብ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ 1920 በ1080 ነው ወይስ 1366 በ768?

ቲቪው እንደተሰካ ሌላም ነገር አደረግኩ። ኮምፒውተሬ በሰከንድ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ሙሉ ምስል እንደሚያወጣ ለካሁ። 1920 በ1080 ላይ አስገድጄ፣ ፍሬሙን በስክሪኑ ፍጥነት የሚገድበውን ቪሲንክ አጥፍቼ። ካውንተር ስትራይክ 2 ዝቅተኛ ሴቲንግ ላይ ከ95 እስከ 120 ይሄዳል። ጂቲኤ 5 ከ75 እስከ 90። ፒኤስ 4 ደግሞ ምንም ቢሆን ከ60 አያልፍም፣ ብዙ ጌም እንዲያውም 30 ላይ ነው የሚሄደው።

እነዚህን ቁጥሮች ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኳቸው። ከዚህ በኋላ የምፈልገው ሞኒተር በእነሱ ነው የሚለካው።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ዋጋ ማጣራት። ጠዋት መርካቶ፣ ከሰዓት መገናኛና ቦሌ መድኃኔዓለም። እግሬ አልቋል።

ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ በየሳምንቱ ነው የሚቀያየረው። አምና የሰማሁትን ዋጋ ይዤ ነበር የወጣሁት፣ ለምንም አልሆነኝም። ዛሬ የተነገረኝን ልጻፍ (ሄርዝ የስክሪኑ ፍጥነት ነው፣ አይፒኤስ የፓኔል ዓይነት)።

ከዱባይ የመጡ ያገለገሉ የቢሮ ሞኒተሮች፣ ዴልና ኤችፒ የሚበዙባቸው፣ 22 ኢንች ከ6,500 እስከ 8,500። 24 ኢንች ከ10,000 እስከ 12,500። አዲስ እሽግ 22 ኢንች 75 ሄርዝ 15,500። አዲስ 24 ኢንች አይፒኤስ 100 ሄርዝ ከ20,500 እስከ 23,000። 27 ኢንች 30,000 አካባቢ። 144 ሄርዝና ከዚያ በላይ ከ32,000 ጀምሮ።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ብዙ ቦታ «ጌሚንግ ነው» የሚባለው ጎበጥ ያለው ነው። ስንት ሄርዝ ነው ስላቸው ሦስት ቦታ ካርቶኑን ማገላበጥ ጀመሩ። አንዱ ጎባጣ 75 ሄርዝ ነበር፣ አጠገቡ ያለው ዝርግ 100። ዋጋቸው ደግሞ አንድ። የስክሪኑ መጉበጥ ከፍጥነት ጋር አይገናኝም፣ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር መኖሩም እንደዚያው።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ቤት ቁጭ ብዬ ሒሳብ።

60 ሄርዝ ማለት ስክሪኑ ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል ማለት ነው። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል 16.7 ሚሊ ሰከንድ አለ። 75 ሲሆን 13.3 ነው። 100 ሲሆን 10፣ 144 ሲሆን ወደ 7። ከ60 ወደ 100 ስንሄድ 6.7 ሚሊ ሰከንድ እናተርፋለን። ከ100 ወደ 144 ግን 3 ብቻ፣ ለዚያውም ካርዱ 144 ፍሬም ማውጣት ከቻለ። የእኔ አይችልም። ስለዚህ 144ን ሰረዝኩት። አሥር ሺህ ብር ጨምሬ ካርዴ የማይሞላውን ቁጥር የምገዛበት ምክንያት የለም።

መጠኑ ላይም ወሰንኩ። 1920 በ1080 ምስል 24 ኢንች ላይ ሲሆን በአንድ ኢንች 92 ነጥብ አካባቢ ይኖራል። 27 ላይ 82 ይሆናል። የእኔ ጠረጴዛ ከፊት እስከ ኋላ 55 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፣ ስክሪኑ አፍንጫዬ ስር ነው የሚሆነው። 22 ወይም 24 ይበቃል።

ፓኔሉን፣ ማለትም የስክሪኑን ዓይነት በተመለከተ ሦስት አለ፦ ቲኤን ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይገለበጣል። እኛ ሁለት ሆነን ጎን ለጎን ነው የምንጫወተው፣ ስለዚህ ወጣ። ቪኤ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ ንፅፅሩ (የነጩና የጥቁሩ ልዩነት) ብዙ ጊዜ 3,000 ለ1 አካባቢ ነው፤ ችግሩ ርካሾቹ ላይ ጨለማ ቦታ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥላ ይጎትታል። አይፒኤስ ንፅፅሩ ወደ 1,000 ለ1 ነው፣ ጥቁሩ ግራጫ ይላል፣ ግን ከየትም አቅጣጫ ቀለሙ ያው ነው። አይፒኤስ።

ሒሳቡ ያመጣልኝ አዲስ 24 ኢንች፣ አይፒኤስ፣ 100 ሄርዝ ነው። ዋጋው 21,000 ገደማ። ኪሴ ውስጥ ያለው 14,000 ምናምን። ታናሼ ደግሞ «ወንድምዬ፣ እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው?» ይለኛል። ያገለገለ 22 ኢንች ልይ ብዬ ሐሳቤን ቀየርኩ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ገዛሁ። 21.5 ኢንች፣ አይፒኤስ፣ የቢሮ የነበረ፣ 60 ሄርዝ። 8,000 ብሎኝ በ7,200 ተስማማን። መቆሚያው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይዞራልም። ጀርባው ላይ ያለው ወረቀት የተመረተበትን ጊዜ 2014 በፈረንጅ ይላል። የዲቪአይና የፓወር ኬብል አብሮ ሰጠኝ።

ሱቁ ውስጥ የበራው በቀለም ያሸበረቀ የባሕር ዓሣ ቪዲዮ ነበር። በጣም ያምር ነበር።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ኮምፒውተሩ በዲቪአይ ወዲያው ሠራ። ፒኤስ 4 ግን ዲቪአይ የለውም። ሞኒተሩ ደግሞ ኤችዲኤምአይ የለውም፤ ዲስፕሌይፖርት፣ ዲቪአይና ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው። ሱቅ ውስጥ ይህንን አይቻለሁ። «አዳፕተር ይገዛለታል» ብዬ ነው ያለፍኩት። ለአሮጌው ሞኒተር ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ ነገር ገዝቼ ሠርቶልኝ ስለነበር ሁሉም እንደዚያ የሚሠራ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ በ650 ብር አንድ ጫፉ ዲስፕሌይፖርት፣ ሌላ ጫፉ ኤችዲኤምአይ የሆነ ኬብል ገዛሁ። ሰካሁት። «ምንም ሲግናል የለም»። ነቅዬ እንደገና ሰካሁት፣ ፒኤስ 4ን አጥፍቼ አበራሁ። ምንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ኬብል የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለ ዲስፕሌይፖርት ሲፈለግ የኤችዲኤምአይን ዓይነት ሲግናል ማውጣት ይችላል፣ ኬብሉ ያንን ብቻ ያሳልፋል። ከኤችዲኤምአይ ወጥቶ ወደ ዲስፕሌይፖርት ሞኒተር ለመግባት ግን ሲግናሉን የሚቀይር ቺፕ ያለው፣ የራሱ ኃይል የሚፈልግ መቀየሪያ ያስፈልጋል። እሱ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። ሻጩ ቢያውቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ጥያቄውን በትክክል መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፦ ሲግናሉ ከየት ወጥቶ የት ይገባል?

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚሄድ ኬብል፣ 450 ብር። ይሄኛው ሠራ። ሁለቱ የምስል አላላካቸው አንድ ስለሆነ ቺፕ አያስፈልገውም። ኳሱ መጣ፣ ታናሼ እስከ ጣሪያ ዘለለ።

ድምፅ የለም። ሞኒተሩ ስፒከርም የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም የለውም። የፒኤስ 4 ስሊም ጀርባ ላይ ደግሞ ሌላ የድምፅ መውጫ የለም። ያለው መንገድ ኢርፎን ጆይስቲኩ ላይ መሰካት ነው። አንድ ሰው ይሰማል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይጫወታል። በዚያ ላይ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ዲስፕሌይፖርት የሚሄድ ኬብል ስለሌለኝ ሁለቱም የሚሰኩት በአንዱ ዲቪአይ ነው፤ ከኮምፒውተር ወደ ፒኤስ 4 በቀየርን ቁጥር ከጠረጴዛው ስር ገብቼ ኬብል መንቀል አለብኝ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

የሥራ ሪፖርት ለመጻፍ ወርድ ከፈትኩ። ነጭ ገጽ። በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች ቢጫ ጥላ አለ፣ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት ይመስላል። ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ደግሞ የአውራ ጣት የሚያክል ደመቅ ያለ ነጥብ አለ። ፓኔሉ ተጭኖ የቀረ ምልክት ነው። ዓሣው ሲዋኝ ይህ ሁሉ አይታይም ነበር።

ሱቁ ሄድኩ። «ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም ወንድሜ፣ ተነጋግረናል» አለኝ። እውነት ነው፣ ተነጋግረናል። ልመልስልህ ካልክ 5,000 እወስደዋለሁ አለ። አልተስማማሁም።

ለጎረቤታችን ልጅ አሳየሁት። ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ይማራል፣ በአባቱ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ስክሪን ፈልጎ ነበር። ነጭ ገጽ ከፍቼ ቢጫውንና ነጥቡን አሳየሁት። ኤችዲኤምአይና ድምፅ እንደሌለውም ነገርኩት። የእሱ ኮምፒውተር ቪጂኤ ነው፣ የሚፈልገው ለኤክሴል ነው። በ6,000 ወሰደው። አባቱ ማታ ደውለው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ እንዳለ ነግረኸው ነው የሸጥክለት» አሉኝ።

እጄ ላይ አሁን 11,800 ብር አለ። ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ያሳየኝን እገዛለሁ እንጂ በመሃል ሌላ አልነካም። ደመወዝ እስኪጠራቀም እጠብቃለሁ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ዛሬ ለመግዛት አልወጣሁም፣ ማየት ብቻ ነበር ዓላማዬ። የመፈተሻ ፍላሽ አዘጋጅቻለሁ። ውስጡ ስድስት ፎቶ ብቻ አለ፤ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እና ግራጫ። ነጩ ቢጫ ጥላን ያወጣል። ጥቁሩ በጠርዝ በኩል የሚያፈስ ብርሃንን። ቀለሞቹ የሞተ ፒክስልን፣ ማለትም የማይሠራ ነጥብን። ግራጫው ደግሞ የተጫነ ቦታንና ደመና ደመና የሚለውን።

መርካቶ አንድ ትንሽ ሱቅ ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሰው አሉ። «ጋሼ፣ ልፈትሽ ይፈቀዳል?» ስላቸው ወንበር አቀረቡልኝ። ከጀርባቸው ያገለገሉ ሞኒተሮች እንደ እንጀራ ተደራርበዋል፣ በየመሃላቸው ካርቶን ገብቷል። አንድ አብርተው ፎቶዎቹን ሳገላብጥ ቆመው አዩኝና «አትቸኩል፣ ይሙቅ» አሉኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሻይ ጠጥተን ቆየን። እንደ አዲስ ነጩን ስከፍተው መጀመሪያ ያልነበረ ቀይ ጥላ ታች ጥጉ ላይ ወጥቷል። «አየህ? ቀዝቃዛ ሲሆን ሁሉም ደህና ነው» አሉ። ያንን ሞኒተር ለብቻው አስቀመጡት።

ሌላም አሳዩኝ። የሞኒተሩን ብርሃን ዝቅ አድርገው በስልካቸው ካሜራ አዩት። በስልኩ ስክሪን ላይ ጥቁር መስመሮች ሲወርዱ ይታያሉ። ብርሃኑን የሚቀንሰው በፍጥነት እያጠፋና እያበራ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ዓይኑን የሚያመው በዚህ ነው። እማዬ ስልክ ስታይ ራሷን ያማታል፣ እኔም ከእሷ የወረስኩት ነገር አለ መሰለኝ።

ያገለገለ ለሚገዛ አንድ ነገር፦ ከዴል ቢሮ ሞኒተሮች ውስጥ ፒ2419ኤች የሚባለው 24 ኢንች አይፒኤስ ነው፣ ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይፖርትና ቪጂኤ አለው። 60 ሄርዝ ለሚበቃው ጥሩ ነው። ጋሼ ጋ አንድ ነበር፣ ንጹሕ። ልቤ ትንሽ ከጅሎ ነበር፤ ቃሌን አስታወስኩ።

ኅዳር 29፣ እሁድ

ዱባይ ያለች አክስቴ ለገና ስትመጣ ታምጣልኝ ወይ ብዬ አስቤ ነበር። ደወልኩ። የ24 ኢንች ካርቶን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ለብቻው ይጫናል፣ መንገድ ላይ ቢሰበር ማንም አይጠየቅም፣ ቀረጡም አለ። ለስልክ ይሆን ይሆናል፣ ለስክሪን ግን አይሆንም። ተውኩት።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ገዛን። ከጥቅምትና ከኅዳር ደመወዝ አራት አራት ሺህ አስቀምጫለሁ። ታናሼ ከኪስ ገንዘቡ 3,000 ጨመረ። ከነበረው ጋር 22,800 ሆነ።

ሁለት ምርጫ ነበረን። ሁለቱም 23.8 ኢንች አይፒኤስ 100 ሄርዝ ናቸው። አንዱ ኤችዲኤምአይና ቪጂኤ ያለው፣ 20,500። ሌላው ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት ያለው፣ 22,000። በ1,500 ብር ልዩነት ሁለተኛውን የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ በዲስፕሌይፖርት፣ ፒኤስ 4 በኤችዲኤምአይ ለየብቻ ይሰካሉ። ኬብል መንቀል ቀረ፣ የሞኒተሩን ቁልፍ ተጭኖ መቀየር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ፍሪሲንክ የሚባለው ነገር ነው። ካርዱ የሚያወጣው ፍሬም 80 ሲሆን ስክሪኑም 80፣ 93 ሲሆን 93 ይሆናል፣ ምስሉ አይቆራረጥም። የካርዴ አምራች ኤንቪዲያ ይህንን ከጥር 2019 በፈረንጅ ጀምሮ ከ10 ተከታታይ ወዲህ ላሉ ካርዶች ፈቅዷል፤ የእኔ ዓይነቱ ካርድ ላይ ግን በዲስፕሌይፖርት ብቻ ነው የሚሠራው። የሌላው አምራች የኤኤምዲ ካርድ ቢኖረኝ በኤችዲኤምአይም ይሆን ነበር፣ ያን ጊዜ ርካሹን ልወስድ እችል ነበር።

ከመክፈሌ በፊት ሱቁ ውስጥ እሽጉን አስፈታሁ። ላፕቶፕና ፍላሼን ይዤ ነበር። ስድስቱን ፎቶ አገላበጥኩ። ጥቁሩ ላይ በቀኝ ታች ጥግ ትንሽ ብርሃን አለ፣ አይፒኤስ ላይ የተለመደ ነው፣ ተቀበልኩት። የሞተ ፒክስል የለም። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለ። 21,500 ላይ ተስማማን፣ ደረሰኝና የአንድ ዓመት ዋስትና ወረቀት ወሰድኩ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ኤችዲኤምአይ ኬብል ብቻ ስለሆነ ዲስፕሌይፖርት ኬብል በ700 ጨመርኩ። ወደ ቤት ራይድ 480። ካርቶኑን ታናሼ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ሕፃን አቅፎት ነው የመጣው።

ኪሴ ውስጥ 120 ብር ቀረ።

ታኅሣሥ 29፣ የገና ቀን

ድምፁ ተፈታ። የፒኤስ 4 ድምፅ በኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተሩ ይገባል፣ ከሞኒተሩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ድሮዋ ትንሽ ስፒከራችን ይወጣል።

የፒኤስ 4 ምስል ግን ታጥቦ የደበዘዘ ጨርቅ መሰለ። ጥቁሩ ግራጫ፣ የሜዳው ሣር የገረጣ። ፓኔሉ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ደህና ነው። ፒኤስ 4 የቪዲዮ ሴቲንግ ውስጥ «አርጂቢ ሬንጅ» የሚል አለ። ከ«አውቶማቲክ» ወደ «ፉል» ሳደርገው ጥቁሩ ጥቁር ሆነ። ማሽኑ ሞኒተሩን ቲቪ ነው ብሎ ጠባቡን የቀለም ክልል ይልክለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ የአክስቴ ልጆች መጡ። እማዬ ሳሎን ውስጥ ቲቪዋን ለብቻዋ ይዛ የበዓል ፕሮግራም ስታይ ዋለች።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ስምንት ቀን በ60 ሄርዝ ነው የተጫወትኩት። ባለ 100 ሄርዝ ሞኒተር ገዝቼ።

ታናሼ «ከዚያኛው ምን ልዩነት አለው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ዊንዶውስ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገባሁ። 60 ይላል። ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ራሱ አይቀይረውም፣ ሰው መምረጥ አለበት። 100 አደረግኩት። ስክሪኑ አንዴ ጨለመና ተመለሰ። ማውሱን ክብ ክብ አዞርኩት። ቀስቱ ድሮ እየተቆራረጠ ነበር የሚዞረው፣ አሁን ነጠብጣቦቹ ተጠጋጉ። መስኮት ይዤ ስጎትት ጽሑፉ እየሄደ ይነበባል። ታናሼን ጠርቼ ምንም ሳልነግረው ማውሱን ሰጠሁት። «ቀለለኝ» አለ።

ቀጥሎ ፍሪሲንክን መጀመሪያ በሞኒተሩ ሜኑ፣ ከዚያ በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓናል አበራሁ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ በሞኒተሩ ካልበራ ኮምፒውተሩ ላይ ምርጫው አይመጣም። የዚህ ሞኒተር ክልል ከ48 እስከ 100 ነው። ካርዱ ከ100 ካለፈ ጥቅሙ ይቀራል፣ ስለዚህ ፍሬሙን 97 ላይ ገደብኩት። ጂቲኤ ውስጥ መኪና ሲዞር ሕንፃው ለሁለት ይሰነጠቅ የነበረው ጠፋ።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ዛሬ «1 ሚሊ ሰከንድ» የሚለውን ሞከርኩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ነው። ሞኒተሩ ይህንን ቁጥር የሚያገኘው ፓኔሉ ስለፈጠነ አይደለም፣ የኋላ መብራቱን በየፍሬሙ መሃል ስለሚያጠፋው ነው። ስከፍተው እንቅስቃሴው ጥርት አለ፣ ግን ስክሪኑ ደበዘዘ፣ ፍሪሲንክም አብሮ ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራሴን ያዘኝ። አጠፋሁት።

ሌላው ፒክስሎቹ ቀለም የሚቀይሩበትን ፍጥነት የሚገፋው «ኦቨርድራይቭ» ነው። ሦስት ደረጃ አለው። ከፍተኛው ላይ ከሚሮጠው ተጫዋች ኋላ ነጭ ጥላ ይከተላል። ዝቅተኛው ላይ ደብዛዛ ጭራ አለ። መካከለኛው ላይ ሁለቱም የሉም ማለት ይቻላል። እዚያው ይቅር።

ብርሃኑን ማታ 30፣ ቀን 60። ከፋብሪካ ሲመጣ 90 ላይ ነበር፣ በዚያ ማታ ማታ ዓይኔ ያለቅስ ነበር።

የመብራቱን ነገርም ዛሬ ጨረስኩ። የመጀመሪያው ሞኒተር የሞተው መብራት ሲመለስ ነው፣ ሁለተኛ አይደገምም። ለድሮው ቲቪ የገዛነው ስታቢላይዘር አልጋ ስር ነበር። አወጣሁት፣ አቧራውን ጠረግሁት፣ መውጫውን በመልቲሜትር ለካሁት፤ 218 ቮልት። ሞኒተሩና ፒኤስ 4 ከእሱ ላይ ናቸው። ለታናሼ የሰጠሁት ትእዛዝ አንድ ነው፤ መብራት ሲሄድ ማከፋፈያውን አጥፋ፣ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ቆይተህ አብራ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ሒሳብ። ለአሮጌው ጥገና 900። ያገለገለው ሞኒተር 7,200። የማይሠራው ኬብል 650፣ የሠራው 450። አዲሱ ሞኒተር 21,500፣ ዲስፕሌይፖርት ኬብል 700፣ ራይድ 480። ጠቅላላ 31,880። ከሽያጩ የተመለሰው 6,000 ሲቀነስ 25,880። አሮጌውን ሳላስጠግን፣ ጥቅምት 10 ላይ የጻፍኩትንም ሒሳብ አምኜ ታግሼ ቢሆን ኖሮ 22,680 ይበቃኝ ነበር። 3,200 ብር አንገብግቦኛል። ከታናሼ 3,000 ይበልጣል፣ እሱ ያንን ለማጠራቀም አራት ወር ነው የፈጀበት።

የቀረኝ ሥራ መቆሚያው ነው። ከፍ ዝቅ አይልም፣ አሁን ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ስር አድርጌለታለሁ። ጀርባው ላይ 100 በ100 ሚሊሜትር የሆኑ አራት ቀዳዳዎች አሉ፣ ብረት ክንድ ይገጠምበታል። ብየዳ ቤት ጠይቄያለሁ፣ ልኩን አምጣ ብለውኛል።

ትናንት ማታ የታናሼ ጓደኛ መጣ። 9,000 ብር አለው። ያለው ላፕቶፕ ነው፣ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ የሚጫወተው ፔስ የሚባለውን የድሮ የኳስ ጌም ነው። መጀመሪያ የላፕቶፑን ጎን አየሁ፤ አንድ ኤችዲኤምአይ ብቻ። ስለዚህ የሚያስፈልገው ያገለገለ 22 ኢንች አይፒኤስ፣ ኤችዲኤምአይ ያለው፣ 60 ሄርዝ ነው። ፍላሹን ሰጠሁት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጋሼ ጋ እንገናኛለን፣ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ይዞ ይመጣል።